የሶቪየት ኒሻንና ሜዳሊያ መሰብሰብ፦ የራስን ዘርፍ ስለ መምረጥ

የሶቪየት ኅብረት ወታደራዊ ሽልማቶች ብዛት ለጀማሪ ሰብሳቢ ወጥመድ ነው። «በጀርመን ላይ ለተገኘው ድል» የተባለው የናስ ሜዳሊያ ብቻ ወደ 15 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች ተሰጥቷል። በሌላው ጫፍ ያለው የድል ኒሻን ደግሞ የተሰጠው 20 ጊዜ ሲሆን፣ ለሶቪየት መሪ ለብሬዥኔቭ የተሰጠው ኋላ ተሰርዟል። ያገኘውን ሁሉ የሚገዛ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ሳጥን ሙሉ ብረት ይኖረዋል እንጂ ስብስብ አይኖረውም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰብሳቢዎች መጀመሪያ ዘርፍ ይመርጣሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ምርጫው የሚጀምረው በኒሻንና በሜዳሊያ መካከል ካለው ልዩነት ነው። ኒሻን በአብዛኛው በጀርባው ተራ ቁጥር ተቀርጾበታል። ቁጥሩም ለተሸላሚው በሚሰጠው የኒሻን ደብተር ላይ ይመዘገባል። ሜዳሊያ ግን ከጥቂቶቹ በቀር ቁጥር የለውም። ከጥቂቶቹ መካከል በጥቅምት 17 ቀን 1938 የተቋቋሙት «ለጀብዱ» እና «ለውጊያ አገልግሎት» የተባሉት የብር ሜዳሊያዎች ይገኛሉ፤ ቀደም ብለው የተሠሩት ቁጥር አላቸው። ከዕቃው ጀርባ ያለውን ሰው ማወቅ የሚፈልግ ቁጥር ያለውን ይመርጣል። የአሠራር ልዩነት፣ የጥብጣብ ቀለምና የዘመቻ ታሪክ የሚስበው ደግሞ ቁጥር የሌለውን ቢይዝ ያዋጣዋል።

ሰውን ለሚፈልግ ጀማሪ ከቀይ ኮከብ ኒሻን የተሻለ መነሻ የለም። በሚያዝያ 6 ቀን 1930 የተቋቋመ ሲሆን ወደ 3.8 ሚሊዮን ጊዜ ተሰጥቷል። ስለዚህ በየገበያው ይገኛል፣ ዋጋውም ከብዙዎቹ የብር ኒሻኖች ይቀላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ47 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሚደርስ የብር ኮከብ ነው፤ አምስቱ ክንፎቹ ጥልቅ ቀይ ኢናሜል (በእሳት የተጋገረ የብርጭቆ ልባስ) ለብሰዋል፣ መሐሉ ላይ ካፖርት የለበሰ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ቆሟል። ሲገለበጥ ከመሐሉ የወጣ ብሎን፣ ብሎኑ ላይ የሚጠብቅ ክብ ዳዶ፣ «ሞኔትኒ ድቮር» (የሳንቲም ማምረቻ) የሚል ጽሑፍ እና በእጅ የተቀረጸ ቁጥር ይታያል።

ቁጥሩን በ10 እጥፍ ማጉያ መነጽር ማየት ግድ ነው። በመቅረጫ የተቆረጠ አሃዝ ጠርዙ ስለታም ነው፣ በዙሪያው ያለው ብርም ልሙጥና እኩል ነው። አጭበርባሪ የቀድሞውን ቁጥር በሞረድ አጥፍቶ ሌላ ሲቀርጽ በአሃዞቹ ዙሪያ ትንሽ ጎድጓዳ ይፈጠራል፤ ኒሻኑን በብርሃን አዘንብሎ ሲያዩት ጥላው ያጋልጠዋል። ይህ የሚደረገው ደብተሩ ቀርቶ ኒሻኑ የጠፋበት ሰው ሌላ ኒሻን ከደብተሩ ጋር «ለማጋባት» ነው። ከደብተሩ ጋር የሚሸጥ ኒሻን ዋጋው እጥፍ ድርብ ስለሚሆን ማጭበርበሩ ያዋጣል፤ ቁጥሩ ከደብተሩ ጋር ሲገጥም ገዢው ደስ ብሎት ዙሪያውን ሳያይ ያልፋል። በቅርጽ ቀልጦ የፈሰሰ ቅጂ ደግሞ በመነጽር ሲታይ ገጹ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን ይላል፣ ፊደሎቹም ደነዝ ይሆናሉ። ክብደቱም ይናገራል፤ እውነተኛው ወደ 33 ግራም ገደማ ይመዝናል። የወርቅ ሚዛንና ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት መለኪያ) ከመጀመሪያው ኒሻን በፊት ይገዛሉ።

ኢናሜሉ ዘወትር የሚሰበረው በክንፎቹ ጫፍ ነው። በወፍራም የደንብ ልብስ ላይ ዳዶው ከልክ በላይ ሲጠብቅ ብሩ ይጎብጣል፤ ብርጭቆ የሆነው ኢናሜል ግን አብሮ አይጎብጥም፣ ይሰነጠቃል። ስብራቱን በጥፍር ቀለም ወይም በማጣበቂያ ሸፍኖ የሚሸጥ ብዙ ነው። አሴቶን የነካ ጥጥ በጠርዙ ላይ ቀስ ብሎ ሲታሽ ቀይ ቀለም ካመጣ ጥገናው የቀለም ነው፤ በእሳት የተጋገረ ኢናሜል ለአሴቶን አይበገርም። ትንሽ ስብራት ያለው ያልተነካ ኒሻን ከተጠገነው ይበልጣል።

የተሸላሚውን ታሪክ ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። ስሙ በደብተሩ ላይ ካለ የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር በ2010 በከፈተው «ፖድቪግ ናሮዳ» ወይም በ2015 በተከተለው «ፓምያት ናሮዳ» የተባለ የኢንተርኔት መዝገብ ላይ በስምና በልደት ዓመት ይፈለጋል። እዚያ የሽልማት ማቅረቢያው ቅጽ ሊገኝ ይችላል፤ ማዕረጉን፣ ክፍሉን፣ መቁሰሉን፣ ቀድሞ የተሸለመውን፣ ከዚያም የፈጸመውን ጀብዱ በአጭሩ ይተርካል። ያለው ቁጥር ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። ቅጹ የኒሻኑን ቁጥር አይጽፍም፤ ቁጥሩ ያለው በፖዶልስክ በሚገኘው የሚኒስቴሩ ማዕከላዊ መዝገብ ቤት ባለው የተሸላሚ ካርድ ላይ ነው። ስለዚህ ደብተር የሌለውን ኒሻን «በኋላ አጣራዋለሁ» ብሎ በውድ መግዛት አይገባም።

አንድ ነገር ብዙዎችን ያሳዝናል። በሰኔ 4 ቀን 1944 በወጣ ድንጋጌ ኒሻኖች ለአገልግሎት ዘመንም ይሰጡ ጀመር፤ ለ10 ዓመት «ለውጊያ አገልግሎት» ሜዳሊያ፣ ለ15 ዓመት ቀይ ኮከብ፣ ለ20 ዓመት ቀይ ሰንደቅ፣ ለ25 ዓመት የሌኒን ኒሻን። ይህ አሠራር እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ቀጠለ። ስለዚህ ጦር ሜዳን የሚያስታውስ የመሰለው ቀይ ኮከብ በቢሮ ለ15 ዓመት የሠራ መኮንን ያገኘው ሊሆን ይችላል። ዘርፉ የጦር ሜዳ ጀብዱ የሆነ ሰው ማቅረቢያ ቅጹን ሳያይ አይከፍልም።

የአርበኝነት ጦርነት (ሶቪየት ኅብረት ከናዚ ጀርመን ጋር ያደረገችው ጦርነት) ኒሻን ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። በግንቦት 20 ቀን 1942 ሲቋቋም በደረጃ የተከፈለ የመጀመሪያው የሶቪየት ኒሻን ሆነ፤ ተሸላሚው ሲሞትም ለቤተሰቡ የሚቀር ነበር፤ ሌሎቹ ኒሻኖች እስከ 1977 ድረስ ለመንግሥት ይመለሱ ነበር። መጀመሪያ ከጥብጣብ ላይ ይንጠለጠል የነበረው ከሰኔ 1943 በኋላ በብሎን የሚታሰር ሆነ። የተንጠለጠሉት ብርቅ ስለሆኑ ውድ ናቸው። የጦርነቱ ዘመን አንደኛ ደረጃ ወርቅ አለው፣ ሁለተኛው ብር ነው። የድሉን 40ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በ1985 ለአርበኞች የታደሉት ግን ከ2 ሚሊዮን በላይ አንደኛ ደረጃና ከ5 ሚሊዮን በላይ ሁለተኛ ደረጃ ናቸው፤ የ1985ቱ አንደኛ ደረጃ ወርቅ የተቀባ ብር ነው። የ1985ቱን በጦርነቱ ዘመን ዋጋ መግዛት የጀማሪ የተለመደ ኪሳራ ነው።

ለአነስተኛ ኪስ የሚመቸው የዘመቻ ሜዳሊያዎች ስብስብ ነው። ለመከላከል የተሰጡት 8 ናቸው፦ ሌኒንግራድ፣ ኦዴሳ፣ ሴቫስቶፖል፣ ስታሊንግራድ፣ ሞስኮ፣ ካውካሰስ፣ የሶቪየት አርክቲክና በ1961 የተጨመረው ኪየቭ። ለመያዝና ነጻ ለማውጣት የተሰጡት 7 ናቸው፦ ቡዳፔስት፣ ኮኒግስበርግ፣ ቪየና፣ በርሊን፣ ቤልግሬድ፣ ዋርሶና ፕራግ። 15ቱን ለመሙላት የሚያስቸግረው ወደ 30,000 ገደማ ብቻ የተሰጠው የኦዴሳ ነው፤ ቅጂውም የሚበዛው በዚያው ልክ ነው። የበርሊኑ ወደ 1.1 ሚሊዮን ስለተሰጠ ተቻኩሎ መግዛት አያስፈልግም፤ ከምስክር ወረቀቱ ጋር እስኪገኝ መጠበቅ ይቻላል።

የወረቀት ዘርፍ የተናቀ ግን ሀብታም ነው። እስከ 1947 መጨረሻ ድረስ ተሸላሚዎች በየወሩ ይከፈላቸው ነበር፤ ለሌኒን ኒሻን 25 ሩብል፣ ለቀይ ሰንደቅ 20፣ ለቀይ ኮከብ 15፣ ለ«ለጀብዱ» ሜዳሊያ 10። ክፍያው የሚወሰድባቸው የኩፖን ደብተሮች ዛሬም ይገኛሉ።

አያያዝ ላይ ሁለት ስህተት ይበዛል። አንደኛው መወልወል ነው፤ በጊዜ የጠቆረውን ብር በማጽጃ ማሸት ቅባ ወርቁንና የቅርጹን ስለት አብሮ ይወስዳል፣ አይመለስም። ሁለተኛው በፒቪሲ ላስቲክ ማስቀመጥ ነው፤ ላስቲኩ ናሱን አረንጓዴ ያደርገዋል። ዳዶ በፒንሳ አይፈታም፤ አልፈታ ካለ አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ አድርጎ ማሳደር ይበቃል።

ሕጉን ማወቅም የዘርፉ አካል ነው። በሩሲያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 324 የሶቪየት ኅብረትን ጨምሮ የመንግሥት ሽልማቶችን በሕገወጥ መንገድ መግዛትና መሸጥ ያስቀጣል። ሞስኮ የሚሄድ ሰው ከመንገድ ዳር ኒሻን ገዝቶ ሻንጣ ውስጥ መክተት የለበትም።

ለኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ ቅርብ የሆነ ዘርፍ የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ነው። ከላይ ሲታይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1959 የተሸለሙት አንደኛ ደረጃ የሱቮሮቭ ኒሻን አለ፤ ከታች ደግሞ በሶቪየት አካዳሚዎች የተማሩ መኮንኖቻችን ይዘዋቸው የመጡት ባለ አራት ማዕዘን የምሩቅ ባጆች አሉ። የሩሲያ የአርበኞች ሕግ ከታኅሣሥ 1977 እስከ ኅዳር 1990 በኢትዮጵያ ያገለገሉትን እንደ ውጊያ ተሳታፊ ይቆጥራል። በዳህላክ ደሴቶች ኖኩራ ላይ የባሕር ኃይላቸው ጣቢያ ስለነበር መርከበኞቹ የሚያደርጉት «ዛ ዳልኒ ፖሆድ» (ለረጅም የባሕር ጉዞ) የተባለው ባጅም እዚህ ይገባል። ባጁ ብቻውን የት እንደነበር አይናገርም። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ የሚገዛው ከባለቤቱ ወይም ከቤተሰቡ እጅ ነው፤ ስም፣ ትምህርት ቤት፣ የገባበትና የተመረቀበት ዓመት በዚያው ቀን ይጻፋል፣ ከዲፕሎማውና ከደንብ ልብስ ፎቶው ጋር በአንድ ፖስታ ይቀመጣል።