ከጊዮርጊስ እስከ ስድስት ኪሎ፦ በየመንገዱ የቆሙ ሐውልቶችና ስለ እነሱ የምንደጋግማቸው ስሕተቶች

ወደ ክፍለ ሀገር ስንጓዝ ዓይናችን አያርፍም። በአንዲት ትንሽ ከተማ አደባባይ ላይ ግዙፍ ጀበና ቆሞ ብናይ መኪና አስቁመን ፎቶ እንነሣለን። ከደጃቸው የተቀመጡ አዛውንት ካገኘንም «ማን ሠራው? መቼ ቆመ?» ብለን እንጠይቃቸዋለን። አዲስ አበባ መሀል ግን በየቀኑ በታክሲ መስኮት የምናያቸው ሐውልቶች እንዲህ ያለ ጠያቂ የላቸውም። ዘመድ ከአገር ቤት መጥቶ «ይህስ ምንድን ነው?» ሲለን ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነውን እንነግረዋለን። የሰማነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም። ይህ ነገር ከልብ ያሳዝነኛል፤ እውነተኛው ታሪክ ከምናወራው በላይ ሊነገር የሚገባው ሆኖ ሳለ ተሸፍኖ ይቀራልና።

ከጊዮርጊስ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሀር፣ ከዚያም ሽቅብ ወደ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ የሚሄድ ሰው ከዚህ በታች ያሉትን ሁሉ ያገኛቸዋል። ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

«የምኒልክን ሐውልት ያቆሙት ራሳቸው ምኒልክ ናቸው»

አይደሉም። ዳግማዊ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። ሐውልቱ የተመረቀው ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲሆን በማግሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ተከበረ። ለአባታቸው መታሰቢያ እንዲቆም ያሰቡት ንግሥት ዘውዲቱ ነበሩ። ነገር ግን መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ስላረፉ ሲገለጥ ለማየት አልታደሉም። ፋሺስቶች ከተማዋን በያዙ ጊዜ ሐውልቱን ከቦታው ነቀሉት፤ የተመለሰውም ከነጻነት በኋላ ነው። ዛሬ ከዓድዋ ድል መታሰቢያ አጠገብ የምናየው ይህ ሐውልት እንግዲህ ሁለት ጊዜ የቆመ ነው።

«ፈረሱ ሁለት እግሩን ካነሣ ጋላቢው በጦር ሜዳ የሞተ ነው»

ይህን ከአስጎብኚዎችም ሳይቀር እንሰማዋለን። ደንቡ እንዲህ ይባላል፦ ሁለት እግር ከተነሣ በጦርነት ሞቷል፣ አንድ እግር ከተነሣ በቁስል ሞቷል፣ አራቱም መሬት ከረገጡ በሰላም ዐርፏል። በዚህ ስሌት የተመራ እንግዳ ምኒልክ ዓድዋ ላይ ወድቀዋል ብሎ አምኖ ይመለሳል።

ምኒልክ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል አድርገው በደኅና ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ነገሡ። በመጨረሻም ለረጅም ጊዜ ታመው በአልጋቸው ላይ ዐረፉ። በጦር ሜዳ የተሠዉት መተማ ላይ የወደቁት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ናቸው። ደንብ የሚባለውም በየትኛውም አገር ቀራጺዎችን አስሮ አያውቅም። ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ የቆመው የታላቁ ጴጥሮስ ፈረስ ሁለት እግሩን አንሥቷል፤ ጴጥሮስ ግን የሞተው በሕመም ነው። ፈረስን በኋላ እግሮቹ ብቻ ማቆም ለቀራጺ ከባድ የሚዛን ፈተና ነው፤ ኃይልንና ግስጋሴን ያሳያል። የአባ ዳኘው ፈረስ ፊት እግሮቹን ያነሣው ስለ ድሉ እንጂ ስለ ሞቱ ለመናገር አይደለም።

«መርካቶ ከአዲስ አበባ ጋር አብሮ የተቆረቆረ ገበያ ነው»

የከተማዋ ዋና ገበያ እዚሁ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የነበረው የአራዳ ገበያ ነበር። ወደ ምዕራብ ገፍተው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ያዛወሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ ዓላማቸውም የአገሬውን ሰው መገበያያ ከነጮቹ መለየት ነበር። ስለዚህ ዛሬ በአደባባዩ ዙሪያ የሚሄድ ሰው የሚረግጠው የቀድሞውን የገበያ ሜዳ ነው።

«የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡር ሲባል ፈርሶ ሌላ ተተካ»

አልፈረሰም። በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር መንገድ ሥራ ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ውስጥ ተጠብቆ ቆየ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ አደባባዩ ተመለሰ። ባቡሩ በዚያ ቦታ የሚያልፈው ከመሬት በታች ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ለፋሺስት አልገዛም፣ ሕዝቡም እንዳይገዛ ብለው በጥይት የተደበደቡት አባት ያን ያህል ዓመት ከአደባባያቸው መራቃቸው ብዙዎችን አስለቅሶ ነበር። ወሬው የተወለደው ከዚያ ሐዘን ይመስለኛል።

ስለ ጣሊያን ሥራዎች

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ተጣምረው ይሄዳሉ። በቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ያለውን ማዘጋጃ ቤት ብዙ ሰው ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ይመስለዋል። አርክቴክቱ አርቱሮ ሜዜዲሚ በእርግጥ ጣሊያናዊ ነው። ሕንጻው የተሠራው ግን ወራሪው ከወጣ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በኢትዮጵያ መንግሥት ትእዛዝ ነው። የአፍሪካ አዳራሽም የዚሁ ሰው ንድፍ ነው። በተቃራኒው ብሔራዊ ቴአትርን ከመሠረቱ የንጉሠ ነገሥቱ ሥራ እናደርገዋለን፤ እሱ ግን በወረራው ዘመን «ሲኒማ ማርኮኒ» ተብሎ የተጀመረ ነው። በኋላ በፈረንሳዊው አርክቴክት ኦንሪ ሾሜት ተለውጦና አምሮ፣ ለንግሥናው 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ።

«ቸርችል ላይ ያለው መድፍ ሴባስቶፖል ራሱ ነው»

በቴዎድሮስ አደባባይ ያለው ቅጂ ነው። እውነተኛው፣ ጋፋት ላይ ቀልጦ የተሠራውና ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ የሆነው መድፍ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል። እዚያ ያደረሱት የዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች ናቸው፤ መንገድ እየጠረጉ፣ ገደል እየደለደሉ፣ በክንዳቸው እየጎተቱ። ለልጆቻችን መንገር ያለብን ይህን ነው። ቅጂውን ያየ ልጅ ዋናው የት እንዳለ ካወቀ አንድ ቀን መቅደላን ለማየት ይነሣል።

«ትግላችን ሐውልት የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ነው»

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመው፣ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ ያለው፣ 50 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሐውልት የቆመው ለሌላ ነገር ነው። ደርግ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ አሠርቶ መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት አስመረቀው። የሚያስታውሰው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያን ወረራ ለመመከት ኦጋዴን ላይ የተሠዉትን ኢትዮጵያውያንና ከእነሱ ጋር የወደቁትን ኩባውያን ነው። በግራና በቀኝ ባሉት ግድግዳዎች ላይ የኩባውያኑ ፎቶግራፍና ስም አለ። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያለው መስቀል አደባባይ ነው። ሁለቱን ማምታታት ቀላል ስሕተት አይደለም፤ አንዱ በውጭ ወራሪ የሞቱትን፣ ሌላው በገዛ መንግሥታቸው የተገደሉትን የሚዘክር ነውና።

«ሮም ሄዶ የተመለሰው አንበሳ ብሔራዊ ያለው ነው»

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ታላላቅ አንበሶች አሉ፤ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ብቻ ይለያቸዋል። ከሁሉ በላይ የሚምታቱትም እነሱ ናቸው።

ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው የድንጋዩ አንበሳ የፈረንሳዊው ቀራጺ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። የቆመው ቴአትሩ በተከፈተበት በዚያው የ25ኛ ዓመት በዓል ነው፤ በወረራው ጊዜ አልነበረም፣ ሮምንም አላየም። ዘውድ ደፍቶ ለገሀር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የቆመው ሞዓ አንበሳ ግን ሌላ ነው። እሱም የፈረንሳዊ፣ የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው፤ የቆመው በ1923ቱ የንግሥ በዓል ነው። ፋሺስቶች ነቅለው ሮም ወሰዱትና በዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ በዶጋሊ መታሰቢያ እግር ሥር አኖሩት። ምርጫቸው በአጋጣሚ አልነበረም። ያ መታሰቢያ በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። የኢትዮጵያን አንበሳ እዚያ ማስቀመጥ ለዶጋሊም ለዓድዋም ቂም መወጫ ነበር። አንበሳው ወደ ለገሀር የተመለሰው ከነጻነት ብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ዘርዓይ ደረስ ሲነሣም ያው ስሕተት ይከተላል። «ሮም ላይ ብዙ ፋሺስት በሰይፍ ጨርሶ እዚያው ተገደለ» እንላለን። ዘርዓይ ኤርትራዊ ወጣት ነበር፤ ጣሊያን የሄደው በግዞት ለተወሰዱት መኳንንት አስተርጓሚ ሆኖ ነው። ሰኔ 8 ቀን 1930 ዓ.ም. በአንበሳው ፊት ተቃውሞውን አሰማ፤ ሰይፍም መዘዘ። በጥይት ቆስሎ ተያዘ እንጂ እዚያ አልሞተም። ፍርድ ቤት አቅርበው ምክንያቱን እንዲናገር ከማድረግ ይልቅ እብድ ነው ብለው ሲሲሊ ውስጥ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን እስር ቤት ዘጉበት። ያረፈውም እዚያው በ1937 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች አራት ዓመት አልፏታል፤ ሙሶሊኒ ራሱ ከተገደለም ሁለት ወር አልፏል። ዘርዓይን በር ከፍቶ ያወጣው ግን አልነበረም። በአንድ ቀን ጀግንነት የምንዘጋው ታሪክ የሰባት ዓመት መከራ አለበት፤ ለገሀር ስንቆም ያንን ጭምር ማሰብ ይገባናል።

ጣቢያውን ካነሣሁ አይቀር፣ «ምኒልክ በባቡር አዲስ አበባ ገቡ» የሚለውም ትክክል አይደለም። ውሉን በ1886 ዓ.ም. የፈቀዱት እሳቸው ናቸው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ በገንዘብና በመንግሥታት ውዝግብ ለዓመታት ተገታ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም.፣ እሳቸው ካረፉ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የዛሬው የጅቡቲ ኤሌክትሪክ ባቡርም ለገሀር አይደርስም፤ የሚነሣው ከከተማዋ ዳር፣ ከለቡ በኩል ነው።

አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ

«ሁለቱም የነጻነት ሐውልቶች ናቸው» ይባላል። የአራት ኪሎው የሚያዝያ 27 ሐውልት አዎን፣ የድል ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ገቡ። ከተማዋ ከፋሺስት እጅ የወጣችው ግን ከዚያ ቀደም ብላ፣ በመጋቢት መጨረሻ ነበር። በዓሉ የሚዘክረው የንጉሠ ነገሥቱን መመለስ ነው።

የስድስት ኪሎው የሐዘን ሐውልት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ፋሺስቶች በሕዝቡ ላይ ለሦስት ቀን ያወረዱትን እልቂት ይዘክራል። ዩጎዝላቮቹ ቀራጺዎች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች በነሐስ የቀረጹት ያንን ግድያ ነው። ቀረብ ብሎ ዙሪያውን መዞር ይገባል፤ ከታክሲ ውስጥ አይነበብም። ቦምቡ የተወረወረውም ሐውልቱ በቆመበት አደባባይ ላይ አይደለም። ቦታው የዚያን ጊዜው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው።

በዚያው ግቢ፣ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ፊት ለፊት፣ ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ተማሪዎች ሳይቀሩ «ሳይጨረስ የቀረ ግንባታ» ይሉታል። ያለቀ ሥራ ነው። ጣሊያኖች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ዓመት ጀምረው ለእያንዳንዱ የፋሺዝም ዓመት አንድ እርከን እየሰጡ ሠሩት። ጫፉ ላይ ያለውን ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ያስቀመጡት ከድል በኋላ ኢትዮጵያውያን ናቸው። አፍርሰው ማጥፋት ይችሉ ነበር፤ አንበሳውን ከላይ ማውጣታቸው የበለጠ ብልህነት ይመስለኛል።

ከግቢው ወጥቶ ወደ አምስት ኪሎ ለሚወርድ አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ጎብኚዎች በመስታወት ውስጥ ያለውን የሉሲን አጥንት ዋናው አድርገው ይወስዱታል። የሚታየው ቅጂ ነው፤ ዋናው ቅሪተ አካል ለጥንቃቄ ሲባል ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል። «ከሁሉ ጥንታዊ» የሚለውም ማስተካከያ ይፈልጋል። ሉሲ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ናት፤ እዚሁ አገር፣ አፋር ውስጥ የተገኘችው አርዲ የ4.4 ሚሊዮን ዓመት ናት።