በድምፅ እየተመሩ የራስን ከተማ በእግር መጎብኘት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በድምፅ የሚመራ የእግር ጉብኝት ማለት አስጎብኚ አጠገብ ሳይኖር፣ አስቀድሞ የተቀረጸ ትረካ በስልክ እያደመጡ፣ ትረካው በሚጠቁመው መንገድ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ከተማን ማየት ነው። ሐሳቡ የስማርት ስልክ ዘመን ፈጠራ አይደለም። በአምስተርዳም የሚገኘው የስቴደሊክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1952 ለጎብኚዎቹ በእጅ የሚያዝ የሬዲዮ መቀበያ እየሰጠ በተለያዩ ቋንቋዎች ማብራሪያ ያሰማ ነበር። ሆኖም ማብራሪያው በአንድ ጊዜ ለሁሉም ስለሚሰራጭ ጎብኚዎቹ በአንድነት ከሥዕል ወደ ሥዕል መንቀሳቀስ ነበረባቸው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ እርምጃ መሄድ የቻለው ተንቀሳቃሽ የቴፕ ማጫወቻ፣ በኋላም ስልክ ሲመጣ ነው። ይህ ሁሉ ተለውጦ እያለ፣ ከጉብኝቱ ከማንም በላይ ሊጠቀም የሚችለውን የከተማውን ነዋሪ ወደ ኋላ የሚጎትቱ አንዳንድ አመለካከቶች አልተለወጡም።

«ከተማዬን እንደ እጄ መዳፍ አውቃታለሁ፤ ይህ ለቱሪስት ነው»

ከሁሉም የሚበዛው፣ ከሁሉም የሚከፋውም ይህ ነው። በየቀኑ በአንድ መንገድ የሚመላለስ ሰው የሚያውቀው መንገዱን እንጂ በመንገዱ ዳር ያለውን አይደለም። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎችን ለቢሯቸው የሚቀርበው የእሳት ማጥፊያ የት እንዳለ ጠይቀው ነበር፤ ማጥፊያው ደማቅ ቀይ ሆኖ ዘወትር የሚያልፉበት ቦታ ላይ ቢቀመጥም፣ በትክክል የመለሱት ከ4 ሰዎች 1 ያህል ብቻ ነበሩ። አንድን ነገር ደጋግሞ ማየትና ልብ ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በተጨማሪም ነዋሪው ቱሪስት የሌለው ዕድል አለው። ቱሪስቱ በ2 ቀን ውስጥ ስመ ጥር ሐውልቶችን ለማዳረስ ሲሯሯጥ፣ ነዋሪው አንድ ሰፈር ብቻ መርጦ ዛሬ ግማሹን፣ በሌላ ቀን የቀረውን ሊያዳምጥ፣ ያንኑ ስፍራ ጠዋት በጸጥታው፣ ማታ በግርግሩ ሊያየው ይችላል። ሲሄድ ዓይኑን ከሱቅ መስኮቶች በላይ ቢያነሳ ደግሞ ይበልጥ ይጠቀማል፤ የሕንፃዎች ምድር ቤት ከተከራይ ጋር ቶሎ ቶሎ ስለሚታደስ፣ ያረጀው የመስኮት ቅርጽ፣ የተጠረበው ድንጋይ፣ በቀለም የተሸፈነው የቀድሞ ድርጅት ስም ሳይነካ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው።

«ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፤ ካለ ደግሞ የቆምኩበትን አይስትም»

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ተደርበዋል። ስልክ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት በመቀበል ነው፤ ወደ ሳተላይቶቹ የሚልከው ነገር የለም፣ ዳታም አያስፈልገውም። ምልክቱ ለመድረስ ከወሰደበት ጊዜ ተነሥቶ ርቀቱን ያሰላል፤ ለዚህም ቢያንስ 4 ሳተላይቶች ያስፈልጉታል፣ ምክንያቱም ከቦታው በተጨማሪ የራሱን ሰዓት ስሕተት ማረም አለበት። ኢንተርኔት የሚጠቅመው ሥራውን ለማፋጠን ነው፤ ከሌለ ስልኩ የሳተላይቶቹን መገኛ መረጃ ከራሳቸው ከሳተላይቶቹ መቀበል ስላለበት መጀመሪያ ላይ ግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። ትረካውና ካርታው ከቤት ሳይወጡ ሊወርዱ ይችላሉ። በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የተቀረጸ የ1 ሰዓት ንግግር 29 ሜጋባይት ገደማ ነውና ማንንም አያስጨንቅም።

ትክክለኛነቱን በተመለከተ፣ ሰማይ በግልጽ በሚታይበት ሜዳ የስልክ ጂፒኤስ ስሕተት 5 ሜትር አካባቢ ነው። ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ግን ምልክቱ በግድግዳና በመስታወት ላይ ነጥሮ ረጅሙን መንገድ ዞሮ ስለሚደርስ፣ ስልኩ ባለቤቱን ከመንገዱ ማዶ የቆመ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ገና ያልተደረሰበት ሕንፃ ታሪክ በድንገት ቢጀምር መተግበሪያው ተበላሽቷል ብሎ መደምደም አይገባም፤ ትረካውን አቁሞ፣ ቦታው ላይ ሲደርሱ በእጅ ማስጀመር ይበቃል።

«ጥሩ ማዳመጫ ማለት የውጭውን ድምፅ ጸጥ የሚያደርግ ነው»

ለአውሮፕላን ጉዞ እንጂ ለመንገድ አይሆንም። የመኪና ጥሩምባ፣ የብስክሌት ደወል፣ ከኋላ የሚጣራ ሰው መሰማት አለባቸው። የጆሮን ቀዳዳ የማይደፍን ማዳመጫ ወይም በአንድ ጆሮ ብቻ ማዳመጥ ይመረጣል። መንገድ ሲሻገሩ ደግሞ ትረካውን ማቆም ግዴታ ነው፤ መሻገሪያ ላይ ዝም የማይል ትረካ፣ በእኔ ግምት፣ ይዘቱ የቱንም ያህል ቢያምር በጥንቃቄ አልተሠራም።

«ተቀርጾ የቀረበ ሁሉ ተጣርቶ የቀረበ ነው»

ትረካ የሚያቀርቡ ብዙ የኢንተርኔት መድረኮች ማንኛውም ሰው የራሱን ትረካ እንዲጭን የሚፈቅዱ ስለሆኑ፣ አንዱን ትረካ በማኅደር የቆየ የታሪክ ባለሙያ፣ ሌላውን ወሬ ለቃቅሞ ያነበበ ሰው አዘጋጅቶት ሊሆን ይችላል፤ የድምፅ ጥራት ሁለቱን አይለይም። የሚለያቸው ተራኪው ነገሩን ከየት እንዳገኘው መናገሩ፣ «ይባላል» እና «ተመዝግቧል» የሚሉትን ሳያምታታ መጠቀሙ፣ ትረካው መቼ እንደተዘጋጀ መግለጹ ነው። አርክቴክቱ በሠራው ስሕተት አፍሮ ራሱን አጠፋ የሚለው ታሪክ በብዙ አገሮች፣ እርስ በርስ ግንኙነት ስለሌላቸው ሕንፃዎች ይነገራል። እንዲህ ያለ ከስፍራ ስፍራ የሚዞር ታሪክ ሲሰማ መጠርጠር ይገባል። የመሠረት ድንጋይ ላይ ያለ ዓመትም ግንባታው የተጀመረበት እንጂ የተጠናቀቀበት አይደለም፤ ተራኪዎች ይህን ደጋግመው ያምታቱታል። ነዋሪ ደግሞ ማጣራት ይችላል፦ በሰፈሩ የኖሩ አዛውንት አሉ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ነገም ተመልሶ ማየት ይቻላል።

«ከተጀመረ ሳይቋረጥ ማለቅ አለበት»

የለበትም። ማቆሚያው ቁልፍ የተሠራው ለዚሁ ነው፤ በትረካው ያልተጠቀሰ በር ዓይን ከሳበ በሩን ማየት ይቀድማል።

«ትረካ ማዘጋጀት ስቱዲዮ ያስፈልገዋል»

ለመቅረጽ ስልክና ማሚቶ የሌለበት ክፍል ይበቃሉ፤ በልብስ የተሞላ ቁም ሣጥን ፊት ቆሞ መናገር ማሚቶውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። አስቸጋሪው አቅጣጫ መናገር ነው። «ወደ ግራ ይታጠፉ» የሚለው ቀላል ቢመስልም፣ አድማጩ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ተራኪው ስለማያውቅ በተግባር ያሳስታል። «ድልድዩን ከኋላዎ አድርገው፣ የድንጋይ አጥሩን በቀኝዎ ይዘው፣ መንገዱ ቁልቁል በሚወርድበት በኩል ይሂዱ» ቢባል ግን የቱንም ያህል የተዟዟረ ሰው አይስትም። ምልክት ሆነው የሚመረጡትም ድልድይ፣ ደረጃ፣ ዳገትና የድንጋይ ግንብ እንጂ በወራት ውስጥ የሚነሡ ማስታወቂያዎች ወይም የሱቅ ቀለሞች መሆን የለባቸውም።

ከዚያ በኋላ ትረካውን ሰፈሩን ለማያውቅ ሰው ሰጥቶ፣ ምንም ሳይናገሩ ከኋላው መከተል ያስፈልጋል። ሰውየው ቆሞ ስልኩን ባየ ቁጥር፣ ዞር ዞር ባለ ቁጥር፣ መታረም ያለበት ዓረፍተ ነገር እዚያው ተገኝቷል። ፈታኙ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ አዘጋጆች በራሳቸው ፍጥነት ስለሚለኩ በሁለት ነጥቦች መካከል የሚተዉት ዝምታ ለአዛውንት ወይም ልጅ ለያዘች እናት ብዙ ጊዜ ያጥራል። መንገዱ ደረጃ ካለውም አድማጩ ደረጃው ሥር ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ገና ከመነሻው ሊነገረው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው የሚያልፍበት ሌላ መንገድ ካለም በዚያው ሊጠቆም ይገባል።