«ባይጠላ» ማለት እናትን መተው ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ሄጄ ነበር። እዚያ የማውቃት ልጅ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት እየፋቀች፣ «ጋሼ፣ እናቴን ሳስታምም ቅዳሴ እየቀረብኝ ነው። ‹አባቱንና እናቱን ባይጠላ› የሚለው እኔን ነው እንዴ?» አለችኝ። ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። ሆዴ ተላወሰ።

ቃሉ ሉቃስ 14፥26 ላይ ነው፤ ጌታ አባቱንና እናቱን የማይጠላ ደቀ መዝሙሬ ሊሆን አይችልም ይላል። ብዙ ሰው ያስጨንቃል። በዕብራውያን አነጋገር ግን «መጥላት» ሁልጊዜ ቂም አይደለም፤ ከሌላው አሳንሶ መውደድም ይባልበታል። ዘፍጥረት 29ን እዩ። ያዕቆብ ራሔልን «ከልያ ይልቅ» ወደዳት ይላል። በሚቀጥለው ቁጥር ልያ «የተጠላች» ተባለች። ማቴዎስም 10፥37 ላይ ያንኑ ትምህርት አባቱን ወይም እናቱን «ከእኔ ይልቅ» የሚወድ ብሎ ነው የጻፈው። ጉዳዩ የቅደም ተከተል ነው።

ጌታ ራሱ ማርቆስ 7 ላይ፣ ለወላጅ የሚገባውን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው እያሉ የሚከለክሉትን ገሥጿል። እኔን በጣም የሚነካኝ ግን መስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ለደቀ መዝሙሩ አደራ መስጠቱ ነው። በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ!

ታዲያ ቃሉ መቼ ይሠራል? ሁለቱ ሲጋጩ። ወንድምህ «በሐሰት መስክርልኝ» ሲልህ፣ ቤተሰብ «እምነትህን ተው» ሲልህ። እናትን ማጠብና ማጉረስ ከእግዚአብሔር ጋር አያጋጭም።

«እናትሽ ጋ ሁኚ» አልኳት። «ንስሐ አባትሽን ቤት ድረስ ጥሪያቸው። ጸሎት ያድርሱላት፣ ጠበልም ይርጩላት።»

«እሺ ጋሼ» አለችና ዓሣዬን ጠቀለለችልኝ።