ዲከረንስን የሚያረግፈው በሽታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአማራ ክልል አዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉ ከሰል ይሆናል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዛፉ ታሟል። ስለ በሽታው የሚወራው ብዙ ነገር ደግሞ ገበሬውን ለሌላ ኪሳራ ይዳርገዋል።

«መሬቱ ስለደከመ ነው።» አይደለም። ዲከረንስ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ አፈር የሚያለማ ዛፍ ነው። በሽታው ዋግ ነው፤ መነሻውም ዩሮሚክላዲየም አካሲኤ የሚባል ፈንገስ ነው። ቅጠሉና ለጋው ቅርንጫፍ ላይ ቡናማ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣል። ከዚያ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ዛፉም ይቀጭጫል።

«ከስንዴ ተጋብቶበት ነው።» የስንዴው ዋግ ሌላ ፈንገስ ነው። ይኼኛው ስንዴም ጤፍም አይነካም።

«ቆርጠን ካቃጠልነው ይጠፋል።» የፈንገሱን ብናኝ ነፋስ ይወስደዋል። የእርስዎ ማሳ ቢጸዳ ከጎረቤት ይመለሳል። ለከሰል የደረሰውን መቁረጥ ተገቢ ነው። የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የሚደረገው ነው፦ እዚያው ላይ ያንኑ ዲከረንስ መልሶ መትከል። ወረዳው በሙሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ሲሸፈን ፈንገሱን መንገድ ላይ የሚያስቆመው ነገር የለም። በእኔ እምነት ጉዳቱን ያከፋው ይህ ነው።

«መድኃኒት ቢረጭ ያበቃል።» ደቡብ አፍሪካ በሽታውን ያየችው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ እዚያ ትልልቅ አልሚዎች ለጋ ዛፎችን ይረጫሉ። ግን ርጭቱ መደጋገም አለበት፣ ወጪውም ከባድ ነው። በጀርባ በሚታዘል መርጫ ደግሞ የረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ አይደረስም።

«ከሩቅ የመጣ ችግኝ ጤነኛ ነው።» በሽታን ሩቅ አገር ከሚያደርሱት አንዱ ራሱ ችግኝ ነው። ከመጫኑ በፊት ቅጠሉን እየገለበጡ ይዩት። ቡናማ ነጠብጣብ ካለበት ይተዉት።

«ባሕር ዛፍ ተክለን እንገላገል።» ባሕር ዛፍም የራሱ የግንድ በሽታ አለው፤ በአገራችንም በጥናት ታይቷል። ማሳውን ሁሉ በእሱ መሸፈን ያንኑ አደጋ መድገም ነው። ከፊሉን ብሳና፣ ከፊሉን ጽድ ማድረግ ይሻላል።

«አንዴ ከገባ ሁሉም ዛፍ ያልቃል።» ሁሉም ዛፍ እኩል አይጎዳም። በታመመ ማሳ መሃል አረንጓዴ ሆኖ የቆመ ዛፍ ካዩ እባክዎ አይቁረጡት። ምልክት አድርገው ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያሳዩት። በሽታ የሚቋቋም ዘር የሚፈለገው ከእንዲህ ያለው ዛፍ ነው።