«ካላመመ አይሠራም»፦ ስለ ሊምፍ እብጠት ማሸት የምንሰማቸው

ወሎ ውስጥ እጅ ወይም እግር ሲያብጥ መጀመሪያ የሚታሰበው ወጌሻ ነው። ለወለምታና ለውልቃት የሚያመሰግናቸው ብዙ ነው። የሊምፍ እብጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሊምፍ ከሥጋችን መሃል ተሰብስቦ በቀጫጭን ቱቦዎችና በዕጢዎች በኩል ወደ ደም የሚመለስ ፈሳሽ ነው። ለጡት ካንሰር የብብቷ ዕጢዎች ወጥተው ክንዷ ያበጠባት ሴት፣ ችግሯ መውጫ ያጣ ፈሳሽ እንጂ የዞረ ሥር አይደለም።

«ጠንከር ተደርጎ ካልታሸ አይሠራም።» ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። «በሞቴ ጠበቅ አርጊው» የሚሉ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። ፈሳሹን የሚቀበሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ያሉት ግን ከቆዳ ሥር ወዲያው ነው። በጉልበት ሲጫኗቸው ይደፈጠጣሉ፣ ሥጋውም ይቆጣል። ትክክለኛው አስተሻሸት ቆዳውን በመዳፍ ቀስ ብሎ መሳብና መልቀቅ ነው። ቅቤም ቅባትም አይፈልግም፤ እጅ ካንሸራተተ ቆዳው አይሳብም። ደግሞ ካበጠው ቦታ አይጀመርም። አንገትና ጤነኛው ብብት ይቀድማሉ። ክንዱ ላይ የሚደረሰው በኋላ ነው፣ እሱም ከትከሻ በኩል። መውጫው ሳይከፈት ፈሳሹን መግፋት ምን ይፈይዳል? ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያዳበሩት ዴንማርካውያኑ ባልና ሚስት ኤሚልና ኤስትሪድ ቮደር ናቸው።

«መታሸቱ ብቻ ይበቃል።» አይበቃም። ሊምፍ እንደ ልብ የሚረጨው አካል የለውም። ቱቦዎቹ ራሳቸው ይኮማተራሉ፤ የጡንቻ እንቅስቃሴና ትንፋሽም ያግዛቸዋል። ስለዚህ ከማሸቱ ጋር ባለሙያ የሚያስረው ፋሻና ቀላል እንቅስቃሴ የግድ ነው። ያለ ፋሻ እብጠቱ ተመልሶ ይመጣል።

«መርዝ ያወጣል፣ ያከሳል።» ስብ አያቀልጥም። መርዝ የማጣራት ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው።

«ያበጠ ሁሉ ይታሻል።» እባካችሁ፣ ይህን ልብ በሉ። የቀላና የሚያተኩስ እብጠት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ባት ካመመ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ይገድላል። የልብ ድካም ያለበትም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይታሽ። ንፍፊትም ቢሆን አይታሽም፤ ሳምንታት ቆይቶ ካልጠፋ መመርመር አለበት።

«የእግር ዝሆኔ እርግማን ነው፣ ይተላለፋል።» በደጋው አገራችን ብዙውን ጊዜ መነሻው በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እዚህ ላይ ከማሸት የሚቀድመው እግሩን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባትና ጫማ ማድረግ ነው። ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግም እብጠቱን ያቀላል። በደሴ አካባቢ ላላችሁ፣ ለቆዳ ሕክምና የሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብ ነው። በሽተኛውን ከቤት አትደብቁት፣ ይዛችሁት ሂዱ።