«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል»፦ ግንዱስ ከየት መጣ?

ይህ ተረት የራሱን ኑሮ ሳያደላድል የሌላውን ጓዝ ለሚሸከም ሰው ይነገራል። ተከራይቶ የሚኖር፣ ግን በየሦስት ወሩ ቁም ሳጥንና ሶፋ በአይሱዙ የሚያስጭን ወጣትም ከጓደኞቹ ይሰማታል። አሽሙር ናት፤ ለዛዋ ግን ያስቃል። ሰው በራሱ ላይ ሲተርታት ደግሞ የበለጠ ታምራለች።

መነሻዋ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዓባይ ይደፈርሳል፤ ደራሹ የነቀለውን ግንድ እያንከባለለ ይሄዳል። ከሰከላ ተነሥቶ ጣናን ያቋርጣል። በሽሎን፣ ጀማን፣ ሙገርን፣ ደዴሳን እየጨመረ ሱዳን ይገባል። እዚያ ሮዜሬስ ግድብ በ1966 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ሲጠብቀው፣ ከደጋው የወረደው ደለል ሆዱን ሞላው። በ2013 እ.ኤ.አ. ከፍታው በ10 ሜትር መጨመር ነበረበት።

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ «ዓባይ ማደሪያ አገኘ» ተባለ። ደስ ይላል። ግን ማደሪያ ያገኘው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ግንዱም ደለሉም አብረው እዚያው ያድራሉ። ድሮ ለጎረቤት የምንልከው ጣጣ አሁን የራሳችን ሆኗል።

ተረቱ ዓባይን ይወቅሳል እንጂ ግንዱን ማን እንደለቀቀው አይጠይቅም። የወንዝ ዳር ዛፍ፣ ሾላው፣ ዶቅማው፣ አኻያው፣ ሥሩ አፈሩን ይይዛል። ሣሩና ቁጥቋጦው ደግሞ ከማሳ የሚወርደውን ጎርፍ ያዘገያል፤ ደለሉ ወንዝ ሳይገባ እዚያው ይቀራል። እርሻው እስከ ውሃው አፍ ሲገፋ ሥር የሌለው ዳር ከታች ይቦረቦራል፣ ይናዳል። በሚቀጥለው ክረምት የቀረውም ዛፍ ተከትሎ ይወርዳል።

ታዲያ ይህን ማን ያስተካክል? በየስብሰባው «ድር ቢያብር» ይባላል፤ ከሻይ በኋላ ግን ሁሉም ወደ ቤቱ ነው። የወንዝ ዳር ለአንድ ሰው የሚተው ሥራ አይደለም። ተመራማሪው የትኛው ዝርያ ውሃ ውስጥ ቆሞ እንደሚጸድቅ ያውቃል። ወንዙ ባለፉት ዓመታት የት የት እንደቆረጠ የሚያውቀው ግን ገበሬው ነው። ከብት የት ወርዶ እንደሚጠጣ ደግሞ እረኛውን መጠየቅ ነው። ሦስቱ ሳይመካከሩ የተተከለ ችግኝ ወይ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ወይ ፍየል።

ጣና ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ሐይቁና አካባቢው በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት (ተፈጥሮ እየተጠበቀ ሰውም የሚኖርበት ቦታ ሆኖ) ተመዝግቧል። ታንኳ ሠሪው ደንገሉን ይፈልገዋል፤ ገበሬው ውሃው ሲሸሽ መሬቱን ያርሳል፤ እምቦጭ ደግሞ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ይስፋፋል። ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ወጥተው እንቁላል የሚጥሉ ዓሦችም አሉ፤ ደለል ጠጠሩን ከሸፈነው እንቁላሉ ይታፈናል። ስለዚህ ዓሣ አጥማጁም ላይኛው ተፋሰስ ውስጥ ስላለው እርሻ ቢናገር ተገቢ ነው።

በእኔ ግምት ከችግኙ በፊት መስማማት ያለበት ሣሩ ላይ ነው። ዳሩ ከልቅ ግጦሽ ሲከለል ሣሩን ማን ያጭዳል? መቼ? መሬቱን ለቆ ወደኋላ የተመለሰው ገበሬ ስንት ሸክም ያገኛል? የአካባቢው ሰው በሚስማማበት ሕገ ደንብ ላይ ይህ ካልተጻፈ፣ በጋ ሲገባ አጥሩ በሌሊት ይከፈታል።