«ኮር» የሚባለው ክፍለ ጊዜ ምን ነበር?

በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ፕሮግራም ላይ «ኮር» የሚል ክፍለ ጊዜ ያየ ሰው ግር ይለዋል። ዛሬ ኮር ሲባል ሁሉም ተማሪ የግድ የሚወስደው ትምህርት ነው። ያኔ ግን በአብዛኛው እንግሊዝኛና ሶሻል ስተዲስ (የኅብረተሰብ ትምህርት) ተጣምረው፣ በአንድ መምህር፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተያይዞ የሚሰጥ ትምህርት ነበር። በብዛት የታየውም በጁኒየር ሃይስኩል (ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ገደማ) ነው።

ክፍሉ የከተማውን የመኖሪያ ቤት ችግር ያጠናል እንበል። ተማሪዎቹ ጋዜጣ ያነባሉ፣ ለከተማው ምክር ቤት ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ቆመው ይከራከራሉ። መምህሯ ደብዳቤው ላይ ሰዋስውና ሥርዓተ ነጥብ ታርማለች። ምክር ቤቱ እንዴት እንደሚሠራም እዚያው ይማራሉ። እኔ ይህን አካሄድ በጣም እወደዋለሁ፤ ልጅ ለእውነተኛ ጉዳይ ሲጽፍ ይተጋል።

ክሬዲቱስ? የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ክሬዲት በሚለኩበት በካርኔጊ ዩኒት ስሌት አንድ ዩኒት በዓመት 120 ሰዓት ያህል የክፍል ትምህርት ነው። ኮር የሁለት ትምህርት ጊዜ ስለሚይዝ፣ ስሌቱም የሁለት ትምህርት ነው።

«የዴሞክራሲ ችግሮች» ከሚባለው የ12ኛ ክፍል ኮርስ ጋር ግን እንዳይምታታባችሁ። እሱ በ1916 (እ.ኤ.አ.) የቀረበ ሐሳብ ነው፤ እንግሊዝኛ ያልተቀላቀለበት፣ ራሱን የቻለ የሶሻል ስተዲስ ኮርስ።